በበቆሎ ማሳ ውስጥ የኔትወርክ ኮዲንግ፦ መቼ ያዋጣል፣ መቼ ያከስራል

መራዊ አጠገብ፣ በቆጋ መስኖ ሥር ባሉ ማሳዎች ላይ 20 የአፈር እርጥበት መለኪያ ጣቢያዎች ተክዬ ነበር። ስለ ኔትወርክ ኮዲንግ አንብቤ ልቤ ስለተነሣ፣ የሁሉንም ጣቢያ ፓኬት፣ ማለትም በሬዲዮ አንድ ጊዜ የሚላከውን የመረጃ ጥቅል፣ እርስ በርሱ አደባልቄ መላክ ጀመርሁ። በግንቦት፣ መሬቱ ታርሶ ባዶውን ሳለ፣ አንድም ጉድለት አልታየም። በነሐሴ በቆሎው ከሰው ቁመት ሲያልፍ ግን አራት ቀን ሙሉ አንዲት ንባብ ሳላገኝ ቀረሁ። የሚገርመው ፓኬቶቹ እየመጡ ነበር፤ በየዙሩ 17 ወይም 18። ችግሩ እያንዳንዱ ቅይጥ አንድ እኩልታ ብቻ ስለሆነ፣ 20 ያልታወቁ ቁጥሮች በ18 እኩልታ አለመፈታታቸው ነው። ሳልቀይጥ እንዲሁ ልኬያቸው ቢሆን ኖሮ፣ ያው 17 ወይም 18 ጣቢያ ንባቡን ባስረከበኝ ነበር።

የማሳው ባለቤት፣ አዛውንት ናቸው፣ ሳጥኖቼን ስከፍትና ስዘጋ ሲያዩ ቆይተው «ልጄ፣ በቆሎው ሰው ይደብቃል፤ ያንተን ሽቦ እንዴት አይደብቅ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ከዚያ ክረምት በኋላ ሥራውን ከባዶ ጀመርሁት፤ ቅደም ተከተሉን እነሆ።

ከመጀመራችን በፊት፦ መቀየጥ ማለት ምን ማለት ነው?

ሁለት ጣቢያዎች አሉ እንበል። አንደኛው 23 ሌላኛው 30 ለካ። በሁለትዮሽ አጻጻፍ 23 ማለት 10111፣ 30 ደግሞ 11110 ነው። ሁለቱን በኤክስኦር ስናደባልቅ፣ ማለትም ተመሳሳይ ቢቶች ሲገጥሙ 0፣ የተለያዩ ሲገጥሙ 1 ስንጽፍ፣ 01001 ይወጣል፤ 9 ማለት ነው። አሁን 23፣ 30 እና 9 ተልከው ከሦስቱ አንዱ መንገድ ላይ ይጥፋ። 30 ቢጠፋ፣ 9ን ከ23 ጋር በኤክስኦር ብታደባልቁት 30 ይመለሳል። 23 ቢጠፋም እንዲሁ። አንዲቷ ቅይጥ ለየትኛውም ለጠፋው ምትክ ሆነች፤ የትኛው እንደሚጠፋ አስቀድሞ ማወቅ ሳያስፈልግ። የዘዴው ውበት ይህ ነው። ሰርገኛ ጤፍ አንዴ ከተደባለቀ ነጩን ከቀዩ የሚለይ የለም፤ እዚህ ግን በቂ ቅይጥ ከደረሰ እያንዳንዱ ፍሬ ተለይቶ ይወጣል።

በዚህ ጽሑፍ መረጃው የሚከማችበትን ኮምፒውተር «ሰብሳቢ»፣ የሌላውን ፓኬት ተቀብሎ የሚያሳልፈውን ጣቢያ «አቀባባይ»፣ አብረው የሚቀየጡትን ፓኬቶች «ዙር»፣ ተቀባዩ መድረሱን የሚያሳውቅበትን አጭር መልስ ደግሞ «ደረሰኝ» እላለሁ። ለመጨረሻው ከአማርኛ የተሻለ ቋንቋ ያለ አይመስለኝም፤ ቃሉ ራሱ ይናገራል።

አንድ ነገር ቀድሞ ይታወቅ። አልስዌዴ፣ ካይ፣ ሊ እና ዩንግ እ.ኤ.አ. በ2000 ያሳተሙት ዝነኛ ጽሑፍ ያሳየው፣ አንድ ምንጭ ለብዙ ተቀባዮች ያንኑ መረጃ ሲልክ መካከል ላይ ያሉት ቢቀይጡ የኔትወርኩን ሙሉ አቅም መጠቀም እንደሚቻል ነው። የእኛ ሥራ ተቃራኒው ነው፤ ምንጩ ብዙ፣ ተቀባዩ አንድ። ምንም ፓኬት የማይጠፋ ከሆነ መቀየጥ እዚህ ቅንጣት አይጨምርም፤ 20 የተለያዩ ንባቦችን ለማግኘት ምንጊዜም 20 ፓኬት መድረስ አለበት። ለእኛ ትርፉ የሚገኘው ከሚጠፋው ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ የሚጠፋውን ማወቅ ነው።

ደረጃ 1፦ የሚጠፋውን ለኩ

እያንዳንዱ ጣቢያ ተራ ቁጥር የተጻፈባቸው 1000 ፓኬቶች ይላክ፤ ደረሰኝም ድጋሚ መላክም አይኑር። ጎረቤቶቹ ስንት እንደሰሙ ይቁጠሩ። ይህን ሁለት ጊዜ አድርጉ፤ አንድ ጊዜ ማሳው ባዶ ሳለ፣ አንድ ጊዜ ሰብሉ ቁመቱን ጨርሶ ዝናብ በሚጥልበት ሳምንት። ብዙዎቻችን የምንጠቀምባቸው ርካሽ ሬዲዮዎች በ2.4 ጊጋኸርዝ የሚሠሩ ናቸው፤ ይህን ሞገድ ውኃ ይውጠዋል፣ እርጥብ የበቆሎ ቅጠል ደግሞ በአብዛኛው ውኃ ነው። የግንቦቱን ልኬት ይዞ ለነሐሴ ማቀድ የእኔን ስሕተት መድገም ነው።

ውጤቱ መጥፎ ከሆነ መጀመሪያ የሚጨመረው ኮድ ሳይሆን እንጨት ነው። አንቴናውን በባሕር ዛፍ አጣና ከሰብሉ በላይ አውጡት። እኔ ይህን ባደረግሁባቸው ጣቢያዎች ላይ ግማሹ ጣጣ ያኔውኑ አበቃ። አጣናውን ጠለቅ አድርጋችሁ ትከሉት፤ በሬ ሊታከክበት መምጣቱ አይቀርም።

ደረጃ 2፦ ደረሰኝ ብቻውን የት እንደሚያደርስ አስሉ

በአንድ መሸጋገሪያ ላይ፣ ማለትም ከአንዱ ጣቢያ ወደ ቀጣዩ ሲተላለፍ፣ ከ100 ፓኬት 30 ይጠፋል እንበል። ያለ ደረሰኝ ሦስት መሸጋገሪያ ሲታለፍ 0.7 በ0.7 በ0.7፣ ማለትም ከ100 ወደ 34 ብቻ ይደርሳል። ያስደነግጣል። አሁን በየመሸጋገሪያው ደረሰኝ እስኪመጣ እስከ አራት ጊዜ ይሞከር፤ አራቱም የመክሸፋቸው ዕድል 0.3 አራት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ ከ100 አንድ አይሞላም፤ በሦስቱ መሸጋገሪያዎች ከ100 ወደ 97 ወይም 98 ይደርሳል። በአማካይ የሚፈጀው በየመሸጋገሪያው 1.4 ጊዜ ያህል መላክ ነው።

ልብ በሉ፤ በአንድ መስመር ላይ አንዱ ለአንዱ የሚያቀብል ሰንሰለት ከሆነ፣ አቀባባዮቹ ሁሉ እየቀየጡ ቢልኩም የሚፈጀው ያው 1.4 ያህል ነው። መቀየጥ የሚያተርፈው የደረሰኙን ወጪ ብቻ ነው። ኤንአርኤፍ24 የተባለው ርካሽ ሬዲዮ ደግሞ ደረሰኝና እስከ 15 ጊዜ ድጋሚ መላክን በራሱ፣ ያለ እናንተ ፕሮግራም ይሠራል። ጣቢያዎቻችሁ በቦይ ዳር እንደ መቁጠሪያ የተሰደሩ ከሆነ ንባባችሁን እዚህ ላይ ብታቆሙ አልቀየማችሁም።

መቀየጥ ዋጋ የሚያገኘው አንድን ጣቢያ ሁለትና ከዚያ በላይ አቀባባዮች ሲሰሙት ነው። እያንዳንዳቸው ከ100 30 የሚያመልጣቸው ቢሆን፣ የማምለጡ ምክንያት የተለያየ እስከሆነ ድረስ ሁለቱም የማይሰሙት ከ100 ዘጠኝ ብቻ ነው። ትልቅ ሀብት ነው። ግን ሁለቱም የሰሙትን እንዳለ ቢያሳልፉ ሰብሳቢው ያንኑ ፓኬት ሁለት ጊዜ ይቀበላል፤ ሁለተኛው ከንቱ ባትሪ ነው። እንዳይደጋገሙ ይነጋገሩ ካልን ንግግሩም ባትሪ ይበላል። ሁለቱም የየራሳቸውን ቅይጥ ቢልኩ ግን ሳይነጋገሩ የተለያየ እኩልታ ይልካሉ፤ ሁለቱም ለሰብሳቢው ይጠቅማሉ። እኔ ዘዴውን ዛሬም የምጠቀምበት በዚህ ምክንያት ብቻ ነው፤ ማሳውን የሚከፍል የባሕር ዛፍ መስመር ስላለ ከግራና ከቀኙ አንዳንድ አቀባባይ ተክያለሁ።

ደረጃ 3፦ የማዳመጥን ዋጋ አትርሱ

አቀባባዩ ጎረቤቶቹን ለመስማት ሬዲዮው ነቅቶ መቆየት አለበት። ኤንአርኤፍ24 ሲያዳምጥ 13.5 ሚሊአምፒር ያህል ይስባል፤ በሙሉ ኃይሉ ሲልክ እንኳ 11.3 ገደማ ነው። አዎ፣ ማዳመጥ ከመናገር ይበልጣል። 2500 ሚሊአምፒር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ያለማቋረጥ ቢያዳምጥ ስምንት ቀን አይሞላም። ከጊዜው አንድ በመቶ ብቻ ቢያዳምጥ፣ ሬዲዮው ብቻውን ቢታሰብ፣ ከሁለት ዓመት በላይ ይቆያል። ለመቀየጥ ሲባል ወደ ሦስት በመቶ ከፍ ቢል ከዘጠኝ ወር በታች ይወርዳል።

ስለዚህ ሁሉም ጣቢያ አዳማጭ አይሁን። ንባብ የሚልኩት ልከው ይተኙ፤ አቀባባዮቹ ብቻ የፀሐይ ፓኔል ይኑራቸው፤ ፓኔሉም የሚመረጠው የሐምሌን ደመና አስቦ ነው።

ደረጃ 4፦ የዙሩን መጠን ወስኑ

ከሁሉም በላይ ጊዜ ስጡት የምለው ይህን ነው። ሰብሳቢው እንዲፈታ እያንዳንዱ ቅይጥ ከምን ከምን እንደተሠራ የሚናገር ዝርዝር አብሮት መሄድ አለበት። ዝርዝሩ ቦታ ይይዛል፤ የኤንአርኤፍ24 ፓኬት ደግሞ 32 ባይት ብቻ ነው።

ቅይጡ በኤክስኦር ከሆነ ለአንድ ጣቢያ አንድ ቢት ይበቃል፤ አለ ወይም የለም። 20 ጣቢያ ሦስት ባይት ይይዛል። ቅይጡ እያንዳንዱን ፓኬት ከ0 እስከ 255 ባለ ማባዣ እያባዛ የሚደምር ከሆነ ግን ለአንድ ጣቢያ አንድ ሙሉ ባይት ያስፈልጋል፤ ለ20 ጣቢያ 20 ባይት። የዙር ቁጥሩን ስትጨምሩበት ከ32ቱ የሚተርፈው 11 ነው። ጭነቱ ከአህያው አነሰ ማለት ነው።

ማባዣዎቹን ከመላክ ይልቅ የፈጠራቸውን የዘፈቀደ ቁጥር መነሻ ብቻ፣ ሁለት ባይት፣ መላክ ይቻላል። ብልህ ዘዴ ነው፤ ነገር ግን ቅይጡን እንደገና የሚቀይጥ ሌላ አቀባባይ ካለ አይሠራም፤ አዲሶቹ ማባዣዎች ከየትኛውም መነሻ አይወጡምና።

ዙር በተለቀ ቁጥር ትርፍ ፓኬቶቹ ለብዙ ጣቢያ ስለሚያገለግሉ ቁጠባው ይጨምራል። በዚያው ልክ ራስጌው፣ ማለትም ከንባቡ በፊት የሚሄደው ዝርዝርና የዙር ቁጥር፣ ይወፍራል፣ መጠበቁ ይረዝማል፣ አቀባባዩ የሚይዘው ማስታወሻ ይበዛል፤ አንድ ዙር ሳይፈታ ሲቀር የሚታጣውም እንዲሁ። አርዱዪኖ ኡኖ አር3 በተባለው አነስተኛ ሰሌዳ ላይ ያለው ቺፕ ያለው ራም ሁለት ኪሎባይት ብቻ መሆኑን አትዘንጉ። እኔ ከ20 ወደ 8 ወረድሁ። ስምንት ጣቢያ በኤክስኦር ሲቀየጥ ዝርዝሩ ልክ አንድ ባይት ነው። የፓኬቴ አከፋፈል እንዲህ ነው፦ አንድ ባይት የዙር ቁጥር፣ አንድ ባይት ዝርዝር፣ አንድ ባይት የአቀባባዩ መለያ፣ አራት አራት ባይት የሚይዙ ስድስት ንባቦች፣ አንድ ባይት የባትሪ መጠን፣ አንድ ባይት የስሕተት መፈተሻ። ድምሩ 29 ነው። በየግማሽ ሰዓቱ የሚለካ ስለሆነ ስድስቱ ንባቦች ሦስት ሰዓት ይጠብቃሉ። ውኃ መቼ ይለቀቅ ለሚል ሰው ሦስት ሰዓት ምንም አይደለም።

ደረጃ 5፦ ኤክስኦር ወይስ 256?

በዘፈቀደ የተመረጡ የኤክስኦር ቅይጦች ልክ በዙሩ ቁጥር ያህል ቢደርሱ ሙሉ በሙሉ የመፈታታቸው ዕድል 29 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ አንዱ እኩልታ የሌሎቹ ድግግሞሽ ሆኖ ይገኛልና። በአማካይ 1.6 ያህል ተጨማሪ ፓኬት ይጠይቃል። በ256ቱ ማባዣዎች ግን ዕድሉ ከ99.6 በመቶ አያንስም። የኋለኛው ማባዛት ግማሽ ኪሎባይት ገደማ የሚይዝ ሠንጠረዥና ጥቂት የማሽን ጊዜ ይፈልጋል፤ ትንሽ ቺፕ እንኳ ይችለዋል። የሚያስከፍለው ራስጌው ነው።

ዙሩ ትንሽ ከሆነ ሦስተኛ መንገድ አለ፤ የኤክስኦሩን ቅይጦች ለዘፈቀደ አለመተው። ጣቢያዎቹን ከ0 እስከ 7 ቁጠሯቸውና አራት ቅይጦች አዘጋጁ፦ የመጀመሪያው የስምንቱም፣ ሁለተኛው የ1፣ 3፣ 5 እና 7፣ ሦስተኛው የ2፣ 3፣ 6 እና 7፣ አራተኛው የ4፣ 5፣ 6 እና 7። አራቱ ቅይጦች ከደረሱ ከስምንቱ የትኞቹም ሦስት ፓኬቶች ቢጠፉ ይመለሳሉ። ለምሳሌ 5 ብቻ ከጠፋ የመጀመሪያው ቅይጥ ይበቃል። 5 እና 7 ከጠፉ በሁለተኛውና በአራተኛው ውስጥ ሁለቱም አሉና አይለያዩም፤ ሦስተኛው ግን 7ን ብቻ ይዟል፤ መጀመሪያ 7 ይወጣል፣ ከዚያ በመጀመሪያው ቅይጥ 5። በወረቀት ሞክሩት፤ ከመጽሐፍ ይልቅ እጅ ያስተምራል።

አቀባባዩ ከስምንቱ አንዱን ራሱ ካልሰማው ያንን ትቶ የያዘውን ይቀይጥ፤ ዝርዝሩ ላይ ያለው ቢት እውነቱን ይናገራል። የሞተ ጣቢያም ዙሩን አያበላሽም፤ በየትኛውም ቅይጥ ውስጥ ስለማይገባ ያልታወቀው ቁጥር በአንድ ይቀንሳል እንጂ።

ደረጃ 6፦ ግልጹ ይቅደም

የእኔ ትልቁ ጥፋት ሁሉንም መቀየጤ ነበር። አሁን አንዱ አቀባባይ ስምንቱን ፓኬቶች ሳይቀይጥ እንዳሉ ይልካል፤ ከዚያ ቅይጦች ያስከትላል። ሁለተኛው አቀባባይ ቅይጥ ብቻ ይልካል። ሁለቱም ግልጹን ቢልኩ ያ የድግግሞሽ ብክነት ተመልሶ መጣ ማለት ነው። በዚህ አሠራር ዙሩ ባይሟላ እንኳ የደረሰው ግልጽ ፓኬት ወዲያው ይነበባል፤ የሚጎድለው የጎደለው ብቻ ነው።

ምን ያህል ቅይጥ ይጨመር? ከአቀባባይ እስከ ሰብሳቢ ከ100 አሥር ይጠፋል እንበል። ስምንት ግልጽ ፓኬት ብቻ ቢላክ ስምንቱም የመድረሳቸው ዕድል 43 በመቶ ነው። እያንዳንዱን ሁለት ጊዜ ብትልኩ 16 ፓኬት ፈጅታችሁ 92 በመቶ ላይ ትደርሳላችሁ። ስምንት ግልጽና በ256ቱ ማባዣዎች የተሠሩ ሦስት ቅይጦች፣ በድምሩ 11 ብትልኩ ግን 98 በመቶ ነው። የኤክስኦር ሦስት ቅይጥ ከዚህ ያንሳል፤ ስለዚህ አራቱን እልካለሁ፣ ድምሩ 12።

ደረጃ 7፦ መበከልን ተከላከሉ

በተራ አላላክ አንድ የተበላሸ ፓኬት አንድ ንባብ ያበላሻል። በቅይጥ ግን አንዱ የተበላሸ የነካውን ሁሉ ይበክላል፤ የተበከለውም ሲፈታ ንጹሕ ይመስላል። የሬዲዮውን የስሕተት መፈተሻ አታጥፉ፤ ከዚያ ሌላ በእያንዳንዱ ጣቢያ ፓኬት ውስጥ የራሱ መፈተሻ ባይት ይኑር፤ ሰብሳቢው ከፈታ በኋላ ያመሳክረዋል።

እኔን ያደናገረኝ ግን የዙር ቁጥር ነው። አንዱ ጣቢያ ባትሪው ሲዳከም ይዘጋል፣ ሲያገግም እንደገና ይነሣል፣ ሲነሣ ደግሞ ዙሩን ከዜሮ ይጀምራል። አቀባባዩ የዛሬውን ንባብ ከሌላ ዙር ፓኬት ጋር ቀየጠው፤ የአንዱ ማሳ እርጥበት በእኩለ ቀን ከመቶ በላይ ሆኖ ታየኝ። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ጣቢያ የዙር ቁጥር በራሱ አይፍጠር። ሰብሳቢው በየሦስት ሰዓቱ የሚያሰማውን ቁጥር እስኪሰማ ንባቡን ይዞ ይቆይ።

ደረጃ 8፦ የማይቀየጠውን ለዩ

የቦይ ውኃ ከልክ ሲያልፍ ወይም ከጮቄ በሚወርድ ወንዝ ላይ ጎርፍ ሲነሣ የሚላክ ማስጠንቀቂያ ዙር አይጠብቅም። ብቻውን፣ በደረሰኝ፣ እስኪደርስ ድረስ ይላክ።

ደረጃ 9፦ ጠረጴዛ ላይ አጥፉ፣ ከዚያ ማሳ ላይ ትከሉ

ጣቢያዎቹን ክፍል ውስጥ ደርድራችሁ ሰብሳቢው ሆን ብሎ ከሚቀበለው ከ100 አሥር፣ ከዚያ 30፣ ከዚያ 50 እንዲጥል አድርጉ። በእያንዳንዱ ሁለት ነገር መዝግቡ፤ ስንት ንባብ ተነበበ፣ ለአንድ የተነበበ ንባብ ስንት ፓኬት ተላከ። ይህንኑ በደረሰኝ ብቻ በሚሠራው ፕሮግራም ድገሙት። በደረሰኝ የሚሠራው በፓኬት ቁጥር እኩል ከሆነ ወይም ካነሰ ቅይጡን ተዉት፤ የሚጠገን ፕሮግራም ባነሰ ቁጥር እንቅልፍ ይበዛል።

ቅይጡ ካሸነፈ የቅይጡን ብዛት ከሰብሳቢው ሆናችሁ መለወጥ እንድትችሉ አድርጉት፤ ለዚያ ስትሉ ጭቃ እየረገጣችሁ 20 ሳጥን መክፈት እንዳይጠበቅባችሁ። በእኔ ማሳ ግንቦት ላይ አንድ ቅይጥ ይበቃል። ሐምሌ መጨረሻ ላይ፣ በቆሎው ትከሻ ሲደርስ፣ አራቱንም አስጀምራለሁ፤ ሰብሉ ተሰብስቦ አገዳው ለከብት ሲገባ ወደ አንድ እመልሰዋለሁ።